የተመለሰው ደም

ማትሪክ ወድቄ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት እናቴ መንደድ ጀመረች። ሌላ ቃል የለኝም። ደህና ተቀምጣ እያወራች፣ ድንገት ከደረቷ እሳት ተነስቶ አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ ፊቷን ይወርሳትና ላቧ ይወርዳል። ወዲያው ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት አልፎት ነበር።

ሥራዋ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው፣ ከቡና ማሽኑ ጎን። ቤቱ ከተወረሰ በኋላ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተሾመው ሰውዬ ደንበኛ ፊት የሚያልበው ሰው አይፈልግም። ደንበኞቹ ደግሞ አራዶች ናቸው፤ አይምሩም።

"እትዬ፣ የሚያንጠባጥበው ማሽኑ ነው እርስዎ?" ይላታል አንዱ ማኪያቶውን ከፍ አድርጎ እያየ።

ቤቱ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ቤት ስትገባ ግን ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ላይ ትወረውራለች። ሥራ አስኪያጁ "ካልተሻለዎት ጓዳ ገብተው ስኒ ያጥባሉ" ብሏታል።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረችው ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። የአባቴ እህትም ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። "ይኸው ደግሞ ፈላች! ሽሮ ጣዱባት" ትላለች አክስቴ፣ እናቴ ማራገብ በጀመረች ቁጥር። አባቴ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ይስባል።

አባቴ የራሱ ጭንቀት ነበረው። ልቡን ታሟል፣ የሰፈራችንን ዳገት መውጣት አቅቶታል። ጉልበቱን በጠጅ ቤትና በሌላ ሴት ቤት የጨረሰ ሰውዬ፣ አሁን ሳይቆርብ መሞትን ፈራ። ያገባ ሰው ደግሞ የሚቆርበው ከሚስቱ ጋር ነው። የንስሐ አባታቸው የሚጠብቁት የእናቴን ደም መድረቅ ብቻ ነበር። ደረቀ። ቀን ተቆረጠ፤ አባቴም አዲስ ነጠላ አስገዝቶ ሣጥን ውስጥ አኖረ።

እናቴ ገና ልጅ እግር ሳለች "እንቁረብ" ብላው ነበር። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ እየተንፈቀፈቀች። "ጓደኞቹ ፊት እኮ ነው የጠየቀችው! 'መነኩሴ ነው እንዴ ያገባሽው?' አላት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ድስቷን ይዛ ቆማ ቀረች።"

ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ቡልጋሪያዊት ነበረች፣ አስተርጓሚው ቁስል የሚያጥብ ወጣት ድሬሰር። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ድሬሰሩ አንገቱን ደፍቶ፣ "ሰውነትዎ መሥራት ያቆመው የሴት ሆርሞን አለ፤ ክኒኑ እሱን ይተካል። በየቀኑ ይውሰዱ" አለ። የቀረውን ዋጠው። እናቱን የምታክል ሴት ፊት ስለ ወር አበባ ማውራት አሳፈረው። እኔ ግን በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ ሰምቻለሁ፤ ደረጃው ላይ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ደሙ ሊመለስ ይችላል ብላለች።"

"ላቡስ?"

"ይቆማል።"

"ታዲያ ምን ገተረሽ? መድኃኒት ቤት እንሂድ።"

ላቡ ቆመ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረች፤ ከንፈሯን ቀብታ ባንኮኒዋ ላይ ተመለሰች። ያ ቀልደኛ ደንበኛ ዓይኑን ሲያንከራትትባት፣ "ማሽኑ ተጠግኗል። አንተስ መቼ ነው የምትጠገነው?" አለችው። ቤቱ በእሱ ሳቀ።

ሊቆርቡ የተቀጠሩበት ሳምንት ደሙ መጣ።

አባቴ ነጠላውን ከሣጥን አውጥቶ እያናፈሰ ነበር። "በዚህ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልገባም። አበባዬ መጥቷል" አለችው።

"በዚህ ዕድሜሽ?" ጮኸች አክስቴ። "እግዜር የዘጋውን በር በክኒን ትከፍቻለሽ?"

አባቴ ቁጭ አለ። ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ተዪው በቃ ይሄን ክኒን። የእኔን ልብ ታውቂያለሽ። እንዲሁ ልሙት?"

"እና ጓዳ ገብቼ ስኒ ልጠብ?" አለች እናቴ ፀጉሯን እያበጠረች። "እርስዎም ይጠብቁ። እኔም ጠብቄያለሁ።"

ነጠላው ተመልሶ ሣጥን ገባ።

ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ቀኑ ሲደርስ "መጣብኝ" አለች ደግሞ። በእኛ ቤት የእሷንም የእኔንም ጨርቅ የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ አጥቤ ሰው እንዳያየው ከአንሶላ ሥር አሰጣዋለሁ። በዚያ ሳምንት የእሷ ጨርቅ አልነበረም። አንድም። ባዶውን ሳፋ ይዤ አየኋት።

"ምን ታያለሽ?"

"ምንም።"

ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬም አይቆጨኝም። በእኛ ቤት በእናቴ መሳቅ የተጀመረው ከእኔ መወለድ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ አባቴ በአፉ መጠየቅ ተወ። ቅዳሜ ማታ ማታ ዓይኗን ያያል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

አንድ ጠዋት የቀበሌ ዳቦ ሰልፍ ላይ ወደቀ። ሰው አንስቶት እቤት እስኪያደርሰው አልጠበቀም። ቄስ አልደረሰለትም።

ለቅሶው ላይ አክስቴ ደረቷን እየደቃች፣ "በክኒን ገደለችው! ሥጋውን አይደለም፣ ነፍሱን!" ብላ አለቀሰች። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። ጥቁሯን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ላይ እንባም ላብም የለም።

ዓርባው እንዳለፈ ክኒኑን አቆመች። ማንም አላዘዛትም። እሳቱ ተመለሰ፤ ከበፊቱም ባሰ። ሥራ አስኪያጁም እንዳለው ጓዳ አስገባት፤ ስኒ ታጥባለች። ሰደበችው ወይ? አልሰደበችውም። ደሟ ጨርሶ እስኪደርቅ ጠበቀችና የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች።

በቆረበች ቀን እኔ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ነበርኩ፤ አበባዬ ላይ ስለሆንኩ አልገባም። አክስቴ አልመጣችም። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ እናቴ መጣች። ነጠላዋን አወቅኩት፤ አባቴ ሣጥን ውስጥ ያኖረው ነው። ፊቷ በላብ ታጥቦ ነበር።

"ይሄን ከሆነ የምትፈልጊው፣ ከእሱ ጋር ብትቆርቢ ምን ነበረበት?" አልኳት።

የቆረበ ሰው አፉን ሸፍኖ ነው የሚወጣው፤ አያወራም። ላቧ ቅንድቧን አልፎ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በነጠላው ጫፍ ልትጠርገው እጇን አነሳችና፣ አፏ እንዳይገለጥ ብላ መልሳ ያዘችው።