ፕሊማውዝ የተወለደው ጥንታዊ የጃፓን ጣፋጭ

ዛሬ አለቃዬ «ከጥንታዊ የጃፓን ጣፋጭ ቤት የመጣ ብለሽ ካርቶኑ ላይ ጻፊ» አለኝ። ጣፋጩ የሚሠራው እዚሁ ፕሊማውዝ ከተማ፣ ከጎማ መጋዘን ጀርባ ነው!

እነዚያ የጃፓን ቤቶች ሙያውን ከአባት ለልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ቀይ ቦሎቄ ቀቅለው በስኳር ያሹታል፣ በወቅቱ አበባ አምሳል ይቀርጹታል፣ በዕለቱ ይበላል።

የእኛ ሊቅ አለቃ ግን ቦሎቄውን አውጥቶ የኦቾሎኒ ቅቤ ከተተበት። ከዚያ ለስድስት ወር ፍሪዝ ሊያደርገው ነው። ጥንታዊ የሚሆነው እዚያ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ደግሞ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ነኝ።

አብረውኝ የሚሠሩት ኤርትራዊው ጋሽ ተስፋይ ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ፐርማነንት እስኪያደርጉሽ ዝም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«እርስዎ ቢሆኑ ይጽፉ ነበር ጋሼ?»

«እኔማ ቦሎቄ በስኳር ይበላል ከተባልኩ ጀምሮ ገና አልተረጋጋሁም!»

ጻፍኩ። «ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ በፕሊማውዝ የሚዘጋጅ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ያለበት ጣፋጭ።»

አለቃዬ ሁለቴ አነበበው። «ስለ ፐርማነንቱ ነገ ጠዋት ቢሮዬ እናወራለን» አለኝ። ፈገግ አላለም።

እናንተስ፣ አለቆቻችሁ ምን ዓይነት ውሸት ጻፉ ብለዋችኋል? ኢሜይል አድርጉልኝ። ከነገ ጀምሮ ለማንበብ ሰፊ ጊዜ ሳይኖረኝ አይቀርም።