የስፒከሮቹ ልብስ

በስኳር ውሃ የተነከረ ጨርቅ ካውያ ሲያርፍበት የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ ከረሜላ ሊያርር ሲል እንደሚሸተው ያለ ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ቃሊቲ የነበረው ቤታችን፣ በደጃችን የሚያልፉት ተሳቢ መኪኖች፣ ባለመስታወቱ ቡፌና ግራና ቀኙ የቆሙት ሁለት ስፒከሮች አብረው ይመጡብኛል፣ ከዚያ ንዴቴም ይከተላል።

አባቴ ሐሰን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወሎ መጥቶ ቃሊቲ ቤት የሠራው ለአሰብ መንገድ ይቀርበኛል ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ከአሰብ ሲመለስ አንድ ቴፕና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። እናቴ ገና ስታያቸው አቧራውን አሰበች። በበጋ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ በተዘጋ በር እየገባ ወጡ ላይ ሳይቀር ያርፍ ነበርና፣ ለቡፌውና ለወንበሮቹ እንደሠራችው ሁሉ ለስፒከሮቹም ልብስ ሠራችላቸው። ላዩ ነጭ ዳንቴል፣ ውስጡ ወፍራም የአቡጄዲ ገበር ሆኖ፣ እንዳይልፈሰፈስ በስኳር ውሃ ነክራ በካውያ እያደረቀች ከአናት እስከ ታች ታለብሳቸው ነበር። በሰፈራችን ዕቃዋን ራቁቱን የምታስቀምጥ ሴት ሰነፍ ትባል ነበር፣ እናቴ ደግሞ ሰነፍ ከምትባል ብትታመም ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲያ የስፒከሮቹን ፊት ያየ ሰው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ክረምት ታላቅ ወንድሜ ሰኢድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። እኔ ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ነበርኩ፤ ከሰኢድ ጋር ስሆን ግን አፌ አያርፍም ነበር። «ይቺ ሬዲዮ እኮ የምትሠራው ለእኔ ብቻ ነው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሰማ ነበር።

መስከረም ከጠባ በኋላ ለፈቃድ የመጣ ጓደኛው ካሴት ይዞልን መጣ። ሰኢድ ድምፁን ቀድቶ ልኮ ነበር። ደህና እንደሆነ፣ እንዳናስብ፣ ለጎረቤት ሁሉ ሰላም እንድንልለት ይናገራል፣ ከዚያ ተሰናብቶ ዝም ካለ በኋላ ደግሞ መጨረሻ ላይ ዝግ ብሎ የሚናገረው ነገር አለ። ያ ነገር ግን በአቡጄዲው ውስጥ ሲያልፍ «እም... እም...» ከሚል በቀር አይሰማም ነበር። ካሴቱ እዚያ ሲደርስ እናቴ ሁልጊዜ «ጉንፋን ይዞታል ልጄን» ትል ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ እናቴ የስፒከሮቹን ልብስ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታ ሳለ አክስቴ ከሳሪስ መጣች፤ አባቴም የሰኢድን ድምፅ ሊያሰማት ካሴቱን ከፈተ። ሰኢድ ቤታችን ገብቶ የተቀመጠ መሰለ። ምራቁን ሲውጥ፣ ከኋላው ድንኳኑ በነፋስ ሲመታ፣ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ሲስል ሁሉ ይሰማ ነበር። አክስቴ ለቅሶ ጀመረች፣ እናትና አባቴ እሷን ወደማባበል ዞሩ። እኔ ወደ ቡፌው ተጠጋሁ። ስንብቱ አለፈና ያ ዝግ ያለው ድምፅ መጣ፤ «ዘይኑ፣ አንቺ ደግሞ ስሚኝ፤ ለማንም እንዳትነግሪ...» ሲል መብራት ጠፋ።

መብራቱ በማግስቱ ሲመጣ አባቴ ቴፑና ካሴቱ የሚቆለፉበትን የቡፌውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ወደ አሰብ ሄዷል፣ ልብሱም ደርቆና ተተኩሶ ተመልሷል።

«እማዬ፣ አባዬ ሲመጣ ልብሱን አውልቀን እንስማው» አልኳት።

«ለምኑ? አቧራ ጠጥቶ እንዲበላሽ?»

«ሰኢድ ለእኔ የሚለው ነገር አለ።»

«ለሁላችንም ብሏል። ሂጂ ውሃ ቅጂ» አለችኝ።

አባቴ ወደቡ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ቆይቶ የተመለሰው በጥር ነው፤ በዚያው ቀን ወዳጁ ሽኩር ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች በጋሪ አስጭኖ መጣ። ሽኩር ሳሪስ አቦ ካሴት የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ የሱ ስፒከሮች ሱቁን ስላጣበቡት በእኛ ትንንሾቹ ሊለውጣቸው ፈልጎ ነበር። ለመዳኘት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ተጠሩ። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከሽመና ማሽን ሥር ያሳለፉ ሰው ስለነበሩ ጆሯቸው ደንዝዟል፤ ድምፅ የሚመዝኑት መዳፋቸውን የስፒከሩ ሣጥን ላይ አሳርፈው ነበር።

በመጀመሪያ የእኛዎቹ እንደለበሱ አንድ የሠርግ ዘፈን ተከፈተባቸው። ጋሽ ታደሰ መዳፋቸውን በዳንቴሉ ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ተኝቷል» አሉ።

ቀጥሎ የሽኩር ሣጥኖች ራቁታቸውን ተገጠሙና ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

«ይሄ ነዘረኝ! ሐሰን፣ ይሄ ነው ስፒከር!»

ሽኩር ሳቀ። «ወላሂ ሐሰን፣ እኔ ራሴ ልብሴን ለብሼ እንዲህ አልደምቅም።»

«ልብሱ...» አልኩኝ። አባቴ ዞር አለ፤ እንደ ምንም ብዬ «አባዬ፣ የእኛዎቹ ልብሳቸው ይውለቅ» አልኩት።

«ሻይ አምጪ» አለኝ።

ሻዩን ካደልኩ በኋላ ወደ ስፒከሩ ሄጄ የዳንቴሉን ጫፍ መግለጥ ስጀምር እናቴ እጄን ያዘችኝና በጆሮዬ «እንግዳ ፊት? ውስጡን ሳልወለውለው?» አለችኝ። ያፈረችው በእኔ ሳይሆን በአቧራው ነበር።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው ግን የሰኢድ ካሴት ነው። በለበሱት ሲከፈት ሰኢድ ከጓዳ የሚጣራ ይመስል ነበር። በሽኩር ሣጥኖች ሲከፈት ግን ድምፁ ጎርንኖ፣ ከብዶ፣ የአርባ ዓመት ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ሰኢድ እንደዚያ አይናገርም። አባቴ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረና «ሰማችሁ? ልጄ ወንድ ሆኗል» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምን ሊል ይችላል? ዝግ ያለው ቦታ ሲደርስ ትልልቆቹ ሣጥኖች «ቡ... ቡ...» ብቻ አሉ። የእኛዎቹን ሽኩር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰዳቸው፤ እናቴም ልብሶቹን አውልቃ አስቀረቻቸው።

በልግ ላይ ከአባቴ ጋር ሳሪስ ሄደን በሽኩር ሱቅ በኩል ስናልፍ የእኛ ስፒከሮች በሩ ላይ ራቁታቸውን ቆመው ይዘፍናሉ። የዘፋኟ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል፣ መንገደኛው ቆሞ ያደምጣል። አባቴም ቆመ።

«እነዚያ የእኛዎቹ አይደሉም?»

«እነሱ ናቸው» አልኩት፤ «ልብሳቸው ወልቆ ነው።»

ትንሽ አሰበና «የለም፣ ሽኩር አስጠግኗቸው ነው። ብልህ ሰው ነው» አለ።

የሰኢድን ካሴት እዚያ ወስደን እንድንሰማው ለመንኩት። ሁለተኛ እንዳላነሳው አስጠነቀቀኝ፤ የወታደር ድምፅ አደባባይ ላይ ቢከፈት የሚመጣውን መዘዝ እንደማላውቅ ነገረኝ። እውነቱን ነበር፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። የእኔም ነገር ግን እውነት ነበር፣ የሚሰማው ጠፋ እንጂ። ክረምት ሲገባ ቴፑ ካሴቱን በላው። አባቴ ክሩን እየጎተተ ሲያወጣው እንደ ቡና ቀለም ያለ የተጨማደደ ጥብጣብ መሬቱ ላይ ተቆለለ፤ እናቴ ሰብስባ በአንዱ የስፒከር ልብስ ውስጥ ቋጥራ አስቀመጠችው።

መንግሥት ሲለወጥ ሰኢድ በእግሩ መጣ። ከስቶና ጠቁሮ ነበር፣ ድምፁ ግን ያው ቀጭኑ ድምፁ ነበር። አባቴ ጎርናናውን ሲጠብቅ ስለነበር በመጀመሪያ ግራ ገባው። እኔ ሰው እስኪበተን ጠብቄ ጠየቅሁት።

«ካሴቱ መጨረሻ ላይ ለእኔ ምን ብለህ ነበር?»

«የቱ ካሴት?»

«ለማንም እንዳትነግሪ ያልከኝ።»

«ዘይኑዬ፣ ረሳሁት። በዚያ ስንት ነገር አለፈ መሰለሽ» አለኝ። ልናደድበት ፈልጌ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም፤ ንዴቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

አሁን እኔም በዳንቴል ሥራ ነው የምተዳደረው። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፣ እጄ ግን ከእናቴ እጅ የተሻለ ሆኗል። ዛሬ በሰፈራችን ቴፕ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ ሰዉም ደጁን ከፍቶ እንደልቡ ያስጮሃል፤ ያኔ አንዲት ድምፅ ለመስማት ስንጨነቅ እንዳልኖርን ሁሉ ዛሬ ቆሞ የሚያደምጥ የለም። ሰኢድ ቃሊቲ ጎማ ይጠግናል፣ ማታ ማታ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ብዙ አያወራም። ሴቶች መጥተው የስፒከር ልብስ ሲያዙኝ ለጠረጴዛ ወይም ለአልጋ የሚሆን ካልሆነ አልሠራም እላቸዋለሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ዓይኔን ሰብሬ ክሬን እጠቀልላለሁ። ሰኢድ ግን አንድ ቀን ለአንዷ እንዲህ ስላት ሰምቶኝ ሳቀና «ተያት፣ ይቺ ሬዲዮ ለእኔ ብቻ ነው የምትሠራው» አላት። ያን ቀን ቀና ብዬ አየሁት፤ ይህን ቀልዱን ግን እሱ አልረሳውም ነበር።