የእትዬ ዲምፕና ጓዳ

እትዬ ዲምፕናን በከተማው የማያውቃቸው የለም፤ በኬሂር መጠጥ ቤት ግን የሚታወቁት በእጃቸው ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ አሥር ሰዓት ሲሆን ከባንኮኒው ጫፍ ያለችው ትንሽ መስኮት ትከፈትና አንዲት ባለቀለበት እጅ ብቅ ትላለች። እንጨቱን ሦስቴ ታንኳኳለች። ባንኮኒው ላይ አርባ ዓመት የሠሩት ጋሽ ፊንታን ጥቁር ቢራውን ያቀብሏታል። እጅዋ ብርጭቆውን ይዛ ትገባለች፤ መስኮቷም ትዘጋለች። ሰላም የሚላት ሰው ካለ በሁለት ጣት ትመልሳለች።

ከመስኮቷ ወዲያ ያለችው ጓዳ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት፣ በእንጨት ግድግዳ የታጠረች ናት። በሯ በጎን መተላለፊያው በኩል ነው፤ መቀርቀሪያዋ ደግሞ ከውስጥ። በእትዬ ዲምፕና ወጣትነት ሴት ባንኮኒ አጠገብ ቆማ ከጠጣች ቄሱ እሑድ ስሟን ሳይጠሩ ስለ እሷ ብቻ ይሰብኩ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ይጠጡ ነበር። ዘመን ተለወጠና ሁሉም ወደ ባንኮኒው ወጡ፤ እትዬ ዲምፕና ግን እዚያው ቀሩ።

“ስልሳ ዓመት ያሞቅሁትን ወንበር ትቼ ቆሜ ልጠጣ? ፈረስ ነኝ?” ይላሉ።

እኔ የቤታቸው ተከራይ ነኝ። ዓርብ ማታ ፊታቸው ቀላ ብሎ ይመጡና የዱሮውን ሲያጫውቱኝ ያመሻሉ። ሟች ባላቸው ፓኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች መስኮት እጁን ሰዶ እጃቸውን ለመያዝ ሞክሮ ነበር አሉ። የያዘው ግን የእናታቸውን እጅ ነው። “እናቴም አንድ ዘፈን እስኪያልቅ እጇን አልሳበችም” ይላሉ፤ እስከ ዛሬም ይቅር ያሏት አይመስለኝም።

በዚህ ዓመት አጎቱ የሞተበት ሩሪ መጠጥ ቤቱን ወረሰ። ወረሰና ማክሰኞ የጓዳዋ ግድግዳ ይፈርሳል፣ በቦታው ሾርባ ለሚበሉ እንግዶች ጠረጴዛ ይገባል አለ።

“ሾርባ!” አሉ እትዬ ዲምፕና። ሰው ገደለ ቢሏቸው እንደዚያ አይደነግጡም።

ማክሰኞ ጠዋት የለቅሶ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። አናፂው መዶሻውን ይዞ ሲደርስ መቀርቀሪያዋ ከውስጥ ጓ አለች።

“እትዬ፣ ይክፈቱ እንጂ” አለ ሩሪ።

“ስትፈልግ ከነእኔ አፍርሰው።”

“እንደሱ አይደለም እኮ...”

“ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ሌላ ቀጠሮ የለኝም። ፊንታን! አንድ ቅዳልኝ።”

ወሬው እስከ ስድስት ሰዓት ከተማውን አዳረሰ። በማክሰኞ ባዶ የሚውለው ቤት ሰው መቆሚያ አጣ። ገሚሱ “ይፍረስ፣ ዘመኑ ነው” ይላል፤ ገሚሱ “ከሴትዮዋ ጓዳ እጅህን አንሣ” እያለ ሩሪን ይቆጣል። አናፂው ሥራ ስለሌለው ጠጣ። መስኮቷም በተከፈተች ቁጥር ያቺ እጅ ጡጫዋን እያነሳች ታስጨበጭባለች።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዳቦ በሥጋ ይዤላቸው ወደ መስኮቷ ተጠጋሁ። እጅዋ ዳቦውን ትታ አንገትጌዬን ያዘች።

“ጠጋ በይ” አሉኝ በሹክሹክታ። “መቀርቀሪያዋ ተይዛለች።”

“ምን?”

“አልከፈት አለችኝ! ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እየታገልኩ ነው። እንዳትናገሪ። ይህ ልጅ ከሰማ ‘አሮጊቷን ላድን’ ብሎ ግድግዳውን ይንደዋል፤ ከዚያ ይመሰገንበታል።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ቅቤ አምጪልኝ። ቶሎ በይ የኔ ልጅ፤ ሦስት ብርጭቆ ነው የጠጣሁት።”

ቅቤውን ከኩሽና ሰርቄ በናፕኪን አቀበልኩ። ውስጥ ሲያቃስቱ ይሰማኛል። ጋሽ ፊንታን ብርጭቆ እየወለወሉ አዩኝ። ዳቦውን አዩ፤ ቀጥለው ቅባታም ጣቶቼን አዩ። አርባ ዓመት ያቺን እጅ ሲያስተናግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምንም አልጠየቁኝም።

ያላሰብነው ጣጣ የመጣው ያኔ ነው፤ ሩሪ ተሸነፈ። የቆመውን ሰው፣ የሚቀዳውን ቢራ አየና ወደ መስኮቷ ሄደ።

“እሺ እትዬ፣ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት። ግድግዳው አይነካም። ይውጡ።”

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መስኮቷ ግን ገርበብ ብቻ አለች።

“አልወጣም” አሉ እትዬ ዲምፕና።

“እንዴ! ታዲያ ምን ይፈልጋሉ?”

“ት...ትራስ!”

“ይገዛል።”

“ማሞቂያ!”

“ይገባል።”

“ዓርብ ዓርብ ሾርባ እንዳይሸተኝ!”

“እሺ። ሌላስ?”

እኔ ከዚህ ወዲህ ሳቄን ስይዝ እንባዬ መጣ፤ የሚጠይቁት እንዳለቀባቸው፣ ሦስቱም ብርጭቆ እንዳልታገሳቸው አውቃለሁ። “እያሰብኩ ነው!” የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ ፊንታን ጨርቃቸውን አስቀመጡ። “ሩሪ፣ ቃልህን በጽሑፍ አድርገው” አሉት። ከብርጭቆ ሥር የሚደረገውን ካርቶን አነሱና ብዕር ሰጡት። ሩሪ ሁሉን ጻፈ፤ ፈረመ፤ አናፂውም ምስክር ሆነ። ጋሽ ፊንታን ካርቶኑን ኪሳቸው ከተቱና ወደ አናፂው ዞሩ።

“በል አሁን ካቻቪቴህን አምጣና በሩን ንቀልላት። ግድግዳውን እንዳትነካ፤ ፈርመሃል።”

ሩሪ ብዕሩን እንደያዘ ዞረ። “ማለት... ተቆልፎባቸው ነው? ከመቼ ጀምሮ?”

“አንተ ልጅ፣ አሁን እሱን አትጠይቅ!” አሉ እትዬ ዲምፕና ከውስጥ።

አናፂው ከመጠጣቱ የተነሳ የመጀመሪያዋን ብሎን በተቃራኒው አጠበቃት። ከዚያ አስተካክሎ የበሩን ማጠፊያዎች ፈታ። በሩ ወደ ውጭ ተጋደመ። እትዬ ዲምፕና እስከ ክርናቸው ቅቤ ተቀብተው፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን በደረታቸው አቅፈው ብቅ አሉ። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለላቸው። ማንንም ሳያዩ፣ እንደ ንግሥት አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ነገር ግን ንግሥት በማትራመደው ፍጥነት ወደ መጸዳጃ ቤት አለፉ።

ሲመለሱ ጋሽ ፊንታን ሌላ ብርጭቆ ጀምረዋል። ከአራት ሦስት እጁን ሞልተው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውታል። ጥቁር ቢራ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀዳው፤ ጠጥቶ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል። እትዬ ዲምፕና ግን በዚያች መስኮት የሚደርሳቸው ሁልጊዜ ያለቀለት ነበር። ባንኮኒው አጠገብ ቆሙ። ብርጭቆው ውስጥ ቡናማው ደመና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩ ጥቁሩ ይጠራል፤ ከላይ ነጩ ይረጋል።

“ፊንታን” አሉ ቀስ ብለው። “ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው?”

“ሁልጊዜ።”

“ስልሳ ዓመት ሙሉ?”

“አንቺ ሳታይው።”

ቅቤ በተቀባ ጣታቸው ብርጭቆውን ነካ አደረጉት። ይቀመጣሉ ብዬ አንድ በርጩማ ሳብኩላቸው። እሳቸው ግን ነጩ አረፋ እስኪረጋ ድረስ ቆመው ጠበቁ፤ ጋሽ ፊንታን የቀረውን ሞሉት።

“መልካም” አሉ እትዬ ዲምፕና፣ ቦርሳቸውን እያነሱ። “አሁን በመስኮቱ አምጣልኝ።”

በር ወደሌላት ጓዳቸው ገብተው ተቀመጡ፤ መስኮቷም ሦስቴ ተንኳኳች።