ፓኬጅ ይዛ ደባት የመጣችው

እኔና ባልደረባዬ ማራኪ ካምፓስ አጠገብ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። እሷ ጠንቃቃ ናት፤ እኔ ደግሞ "ይሠራል፣ አታስቢ" ባይ ነኝ። ባለፈው ክረምት ደባት አካባቢ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ የክትባት መመዝገቢያ ሠራንና ልጭንላቸው ሄድኩ።

ዛሬ ፕሮግራምን ከባዶ ተነሥቶ የሚጽፍ የለም። ቀን የሚያሰላውን፣ ሠንጠረዥ የሚያትመውን ክፍል ሌሎች ጽፈው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል፤ ፓኬጅ ይባላል። እኛ የምንፈልገውን ፓኬጅ ስም ብቻ እንጽፋለን። ፕሮግራሙ ደንበኛው ጋ ሲገነባ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተገጣጥመው ለሥራ ሲዘጋጁ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል፤ ኢንተርኔት ካለ።

ደባት ስደርስ ኢንተርኔት ጠፍቷል። የሚሠራው ስልክ ብቻ ነው። የክሊኒኩ አዲስ ኮምፒውተር "ፓኬጁ አልተገኘም" የሚሉ ቀይ መስመሮች ይደረድርልኝ ጀመር። ግቢው ውስጥ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ ሐኪም፣ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"ምነው ቆመ?"

"የሚያስፈልጉት ነገሮች በኢንተርኔት ነው የሚመጡት፤ እሱ ደግሞ የለም።"

"ከማን ነው የሚመጡት?"

"እኔም ሰዎቹን አላውቃቸውም። አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ጃፓን ይሆናል።"

"እንግዲያው ከብራዚል እስኪመጣ በወረቀት እንጀምር" አሉና መርፌያቸውን አነሡ።

ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። ፓኬጆቹ ሁሉ ላፕቶፕዋ ላይ ነበሩ። "በፍላሽ ገልብጬ በሚኒባስ ሹፌር እልክልሃለሁ" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ራሷ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ፍላሹን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከች አለች።

"ሹፌሩስ?"

"መንገድ ላይ ቢጥለውስ ብዬ መጣሁ።"

ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርኩ። ገለበጥንና መገንባት ጀመርን። ሁሉም አለፈ፤ ቀን የሚያሰላው ብቻ እምቢ አለ።

ፓኬጅ በተሻሻለ ቁጥር አዲስ ቅጂ ይወጣለታል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። "የዚህን ስንተኛ ቅጂ ነው ያዘዝከው?" አለች።

"የመጨረሻውን።"

"የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እኮ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ላይ መጠየቅ አለበት። ደግሞ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። የሞከርነውን ቅጂ ቁጥር ጻፍለት።"

ጻፍኩለት፤ ተገነባ።

የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ አንዲት ቀይ ላም ነበረች። ባለቤቷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ የተጻፈውን አስነብበው ሰሙ። "ሸጋ ነው" አሉ፤ "ግን ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ አልጻፋችሁም። ብትጠፋብኝ በምን ትታወቃለች?"

ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ። "ለዚህ እንኳ ፓኬጅ አያስፈልግም" አልኩና "ምልክት" የሚል ቦታ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው፤ ሁሉም የከብቱን መልክ ለማስጻፍ ተጋፋ። ሐኪሙ እየሳቁ መርፌያቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ የምንሰጠው ፕሮግራም ሁሉ ፓኬጆቹን አብሮ ይዞ፣ የእያንዳንዳቸው የቅጂ ቁጥር ተጽፎ ነው የሚወጣው። ፋይሉ ይከብዳል ብዬ አንድ ሁለቴ ላጉረመርም ሞክሬ ነበር፤ አልሰማችኝም፤ ልክም ነች።

ያን ቀን ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሚኒባሱ ቆመ፤ ወርደን ትኩስ ቅቅል ድንች ገዛን። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ባልደረባዬ ድንቹን እየላጠች፣ "የሚቀጥለውን ሥራ እኔ ነኝ ሄጄ የምጭነው" አለች፤ "አገሩ እንዲህ እንደሚያምር መች ነገርከኝ?"