የቀዘቀዘ ጆሮ

ጅግጅጋ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ሻይ ስንጠጣ፣ ደጅ ያለውን የውኃ በርሜል የከበቡት ንቦች ድምፅ ወደ ልጅነት መንደሬ ወደ ኤረር መለሰኝ።

በዚያ በጋ ውኃ የጠማቸው ንቦች ፍየላችንን በቤታችን የውኃ በርሜል ሥር ወረው ነደፏት። ለሕፃኑ ወንድሜ ወተት የምትሰጠው እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ ትኩሳት ይይዛታል ብላ ውኃ ልታፈስባት ስትል፣ በሶማሊኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምንላት ጎረቤታችን ሀሊማ የፍየሏን ጆሮ ዳሰሰች።

«ተይ! ንቦቹ እሳቷን ወስደውባታል፤ አልብሻት።»

«በእኔ ጋቢ?»

«ወተቱን የሚጠጣው የእኔ ልጅ ነው እንዴ?»

እናቴ እየሳቀች ጋቢዋን አወለቀች። እኔ የፍየሏን ጆሮ እንድይዝ ታዘዝኩ፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። እሳቱ የት እንደሄደ አልገባኝም። ወደ ማታ ግን ጆሮዋ መዳፌ ውስጥ ሞቅ አለ፤ ፍየሏም ጋቢውን ማኘክ ጀመረች።

ይህን ለሐኪሙ ነግሬ እሳቷ የት ሄዶ እንደነበር ጠየቅኩት።

«ንብ ክፉኛ ከነደፈው የእንስሳው ሙቀት ሊወርድ ይችላል» አለኝ። «የወረደው ሙቀት ሁሌ አይመለስም።»

«እኔ ግን ሲመለስ በመዳፌ ይዤው ነበር» አልኩት።