ጫማ የከለከልኩት አምበል

ወደ ቅርጫት ኳስ ያስገባኝ ቁጥር አርባ ስድስት ጫማ ነው። ዲላ ገበያ ልባሽ ጫማ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ልጆቼ አድገው ከቤት ወጥተዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቦንዳ በፈታሁ ቁጥር ከመሃሉ የሰው የማይመስል፣ ጀልባ የሚያህል ጫማ ይወጣል። ዳገት ለዳገት ቡና የሚለቅም የጌዴኦ ገበሬ አርባ ስድስት እግር ይዞ ምን ይሠራል? የሚገዛው ስለሌለ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ለጌጥ አስቀመጥኩት።

አንድ ቀን የኮሌጅ ተማሪዎች መጡ። ኮሌጁን አልጠራም፤ ደንበኞቼ ናቸው። ከፊት የነበረው የሱቄን በር ለማለፍ አጎነበሰ።

«ማዘር፣ አርባ ስድስት አለ?»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ሰው ልታሻግርበት ነው?»

«ልዘልበት ነው።»

በወር ውስጥ ግድግዳዬ ባዶ ቀረ። ከመካከላቸው እግሩ ትንሽ የሚባለው እንኳ አርባ ሦስት ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማዬን ይዤ ወደ ሜዳቸው መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ዕቃዬ ሥራ ላይ እንዴት እንደሆነ ለማየት ነው፤ ደንበኛ ባለበት ቦታ መታየትም አይከፋም። ዳኛው ለምን እንደሚነፋ ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ራሱ ዳኛው ያውቃል ብዬ ግን ዛሬም አልምልም። ሳላስበው ኳሷ ቀለበቱ ላይ ስትንከባለል ትንፋሼን የምይዝ ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

የቡድኑ አመል አናዳጅ ነበር። አንዱን ሳምንት ከሩቅ የመጣ ትልቅ ቡድን ይጥላል፤ በሚቀጥለው ማንም ከማይፈራው ጋር ይወድቃል። ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያውቅ ነበር። ተማሪዎቹ ቁመት ነው ይላሉ። አሰልጣኙ ዲሲፕሊን ነው ይላል። የግቢው ዘበኛ ጥፋቱን በካፌው ሽሮ ያላክካል፤ ቆጮ ቢያበሏቸው ኖሮ ማንም አይችላቸውም ባይ ነው።

እኔ ምክንያቱን ያየሁት ጆንያ ውስጥ ነው። አሮጌ ጫማ ያመጣልኝ ሰው ትንሽ ጨምሮ ሌላ ይወስዳል። የመጣውን ጫማ ከላይ አላየውም፤ ገልብጬ ሶሉን ነው የማየው። ከላይ ቀለም ይዋሻል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ተረከዙን እኩል ይጨርሳል። ደላላ በአንድ እግሩ ተደግፎ ስለሚጠብቅ አንዱን ጠርዝ ይበላል። ትምህርቴ ይኼው ነው፤ ዲግሪ አይሰጡበትም እንጂ።

የዓመቱ እኩሌታ ላይ የቡድኑ ልጆች የአሥራ ሁለቱንም አሮጌ ጫማ በአንድ ጆንያ አድርገው አመጡልኝ። ደጃፌ ላይ ደረደርኩት። አምስቱ ከጥቅም ውጪ ነበሩ። ሰባቱ ግን ስሸጣቸው እንደነበሩት ናቸው፤ አቧራቸውን ጠርጌ በዚያው ሰዓት መልሼ ልሸጣቸው እችል ነበር። ከአምስቱ መካከል ደግሞ የአምበሉ ብቻውን አስገረመኝ። ቀኙ በውጪው በኩል ተበልቶ ጨርቁ ሊታይ ደርሷል። ግራው ደህና ነው። ይኼ ሰው ግራ እግሩን አያምነውም ማለት ነው።

አምበሉ ያ አጎንብሶ የገባው፣ አርባ ስድስት የጠየቀኝ ልጅ ነው። የቡሌ ልጅ ነው፤ ከዲላ በላይ ባለው ደጋ፣ መኪና ጠፋ ተብሎ መንገድ የማይቀርበት አገር ያደገ። ወሬ አያበዛም። ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ በርጩማዬን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ የሚሸኘኝ እሱ ነበር። ብቻውን እስኪመጣ ጠበቅኩት።

«ግራ ጉልበትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

ወደ በሩ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየ። «ማን ነገረዎት?»

«ጫማህ።»

ቁጭ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ነው አለኝ። ሲዘል በቀኙ ያርፋል፤ ግራው ማታ ማታ ያብጣል። «ለአሰልጣኙ እንዳይነግሩብኝ፣ ማዘር። ከሐዋሳ ክለብ ሰው ሊያየኝ ይመጣል። ይኼ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። አባቴ ደግሞ ኳስ እንጀራ ይሆናል ብሎ አያምንም፤ ካልተሳካልኝ ሳቁን አልችለውም።»

እሺ አልኩት። ነጋዴ ነኝ፤ የተከፈተ ሶል በማስቲሽ ዘግቼ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ የአንድ ልጅ ጉልበት መደበቅ ምን ይከብደኛል?

የዚያን ቅዳሜ አሸነፉ። ሲያልቅ ከግድግዳው ጀርባ ሄዶ ቀዝቃዛ ውሃ በፌስታል ጉልበቱ ላይ ይዞ አየሁት፤ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እስከ ሦስተኛው ሩብ ድረስ መሩ። ከዚያ አምስቱም እግራቸው ተሳሰረ። አምበሉ ለኳስ ዘለለ ሲባል ከመሬት የተነሳው አንድ ጋት ነው። በአሥራ አንድ ነጥብ ተሸነፉ። ሰባቱ ወንበር ላይ ሆነው በንጹህ ጫማ ሲያጨበጭቡ ዋሉ።

አሰልጣኙን ሲወጣ ጠበቅኩት። ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የሚያስተምር፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ ሰው።

«መምህር፣ እነዚያን ሰባቱን ለምን ይዘዋቸው ይዞራሉ?»

«ተቀያሪዎች ናቸው።»

«የሚቀየሩት መቼ ነው?»

ደክሞት ስለነበር ሳቀ። «ማዘር፣ ሲሸነፉ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ያልተሞከረ ልጅ አስገብቼ ምን ልበል?»

«ካላስገቡት መቼ ይሞከራል?»

«ይኼ እኮ ጫማ አይደለም።»

ልቆጣው አልቻልኩም። እኔም ስጀምር ፊት ለፊት የምሰቅለው የማያሳፍሩኝን አምስት ጥንድ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከጀርባ ተቀምጦ ሻጋታ በላው። የፈራ ሰው እጁ የለመደውን ነው የሚይዘው።

ረቡዕ ዕለት አምበሉ መጣ። የሐዋሳው ሰው ቅዳሜ እንደሚመጣ ተነግሮታል። በአሮጌው ምትክ የሰጠሁት አርባ አምስት ይጠበዋል፤ አሁን ግን ከአዲሱ ቦንዳ የወጣች አንዲት አርባ ስድስት ነበረች፤ ሶሏ ወፍራም፣ ለእሱ ተብላ የተሠራች። አንስቶ አገላበጣት።

«ይቺን ልውሰድ።»

«አልሸጥልህም።»

የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ተይዛለች?»

«አልተያዘችም። ለአንተ አልሸጥም። ሌላ ቦታ ካገኘህ ግዛ።»

ጫማዋን በቀስታ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። ገበያውን ሊያዳርስ እንደሆነ አውቄያለሁ። ምንም እንደማያገኝም አውቃለሁ፤ ዲላ ውስጥ አርባ ስድስት የሚይዝ ሞኝ ነጋዴ እኔ ብቻ ነኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ማዘር፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ላለመናገር ነው የገባሁት። አልተናገርኩም። ሽጪ ብሎ ያስማለኝ የለም።»

አንዲት ሴትዮ የልጆች ጫማ ዋጋ ጠይቃ፣ ፊታችንን አይታ ሄደች። ከመደርደሪያው ሥር አሮጌ ጫማውን አውጥቼ ሰጠሁት። «እነዚህን ይዘህ ሂድና ራስህ ለአሰልጣኙ አሳየው። ከዚያ በኋላ አዲሷን በነፃ ውሰዳት።» በነፃ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ የጎረቤቴ ነጋዴ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ልጁ ጫማውን በማሰሪያው አንጠልጥሎ ሄደ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም ነገር አልሸጥኩም፤ ዋጋ የጠየቀኝን ሁሉ ሳመናጭቅ ዋልኩ።

በነጋታው አሰልጣኙ ራሱ መጣ። ደብተሩን አልያዘም።

«የሌሎቹስ ጫማ አለ?»

ሁለቱን ሸጫለሁ፤ የቀሩትን ደረደርኩለት። አንድ በአንድ ገለበጠ። ሲጨርስ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ።

«በየቀኑ ሲሮጥ እያየሁት» አለ። «ለእርስዎ ጫማው ነገረዎት። ለእኔ ልጁ ራሱ እንኳ ሊነግረኝ ፈራ። ለምን ይፈራኛል?»

«ማመሙን ካመነ ከቡድኑ እንዳይቀር ነዋ። አንዴ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሲነሳ አላየማ።»

ካልተበሉት ጫማዎች አንዱን አንስቶ መልሶ ገለበጠው።

ክሊኒኩ ልጁን አንድ ወር እንዲያርፍ አዘዘው። እሱ ግን ቅዳሜ አዲሱን ጫማ አስሮ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የሐዋሳው ሰውዬ ኮፍያውን አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። በአምበሉ ቦታ የገባው አፉ ከእግሩ የሚቀድም የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ኳሱን ከቀለበቱ አሳልፎ ለተመልካቹ ሰጠ። ከኋላዬ አንዱ «ጫማውን ለማዘር መልስላት» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ።

አምበሉ አልሳቀም። ተነስቶ በመስመሩ ዳር እያነከሰ ይከተለው ጀመር። «አትቸኩል። ረጅሙ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ ጠብቀው። አሁን።» ልጁ እንዳለው ጠበቀና ኳሷን ነጠቀ። አሰልጣኙ ደግሞ ሲቀይር ዋለ፤ ስማቸውን የማላውቃቸው ልጆች ሁሉ ገቡ። አንዳንዱ አበላሸ፤ ግን የሚያለከልክ አልነበረም። በመጨረሻው ሩብ ያለከለኩት እንግዶቹ ናቸው።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሁለት ነጥብ ተመርተን ነበር። አሰልጣኙ ወደ አምበሉ ዞረ። ዓይኑ ለመነ። ክሊኒኩ ያለውን ያውቃል፤ መሸነፍንም ያውቃል። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬም ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ልጁ ጫማው ታስሯል፣ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሰው ፊቱ ተቀምጧል። እኔ ግባ ይበለው አይበለው፣ የቱን እንደምመኝ ጠፋኝ።

አምበሉ ጉልበቱ ላይ እጁን አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ። ወደ አዲስ አበባው ልጅ ጠቆመ። «እሱ ይጨርሰው።»

ልጁ ጨረሰው፤ ሳተው። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። የሐዋሳው ሰው አቧራውን አራግፎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተሸነፉት አንድ ጊዜ ነው። አምበሉ ሲድን አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ደቂቃ ይገባል፤ ከዚያ ራሱ እጁን አውጥቶ ይቀየራል። ቁመታቸው አልጨመረም፤ ሽሮውም ያው ሽሮ ነው።

ዛሬ ቡሌ አካባቢ ስፖርት ያስተምራል። ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ ቤቴ መጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኩት።

«በጫማው ቂም ይዘህብኛል?»

አሰበበት። «ሁለት ሳምንት ያህል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ ሳልጫወት አሸነፉ። እሱ ደግሞ ከጉልበቱ በላይ አመመኝ።» ሻዩን ጠጣ። «ሦስተኛውን ጊዜ ሲያሸንፉ ግን ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።»