አማትና አማች በበረዶ ሜዳ

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ ነው ኮሎምበስ የገባሁት። ልጄ በስልክ ወፍራም ካልሲ ያዝ፣ የጆሮ መሸፈኛ ያዝ እያለች ስትወተውተኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን በውርጭ ጠዋት የወፍጮ ሞተር ሳስነሳ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ፣ የአሜሪካ ብርድ ምን ያመጣል ብዬ አሳቅኋት። ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ወፍጮ ቤቱን ለወንድሜ ልጅ ትቼ፣ ልጄንና ባሏን፣ እዚያው የተወለደችውን የልጅ ልጄንም ላይ ብዬ መጣሁ። ትኬቱ የደርሶ መልስ ነበር፤ መመለሻው በጥር ማለቂያ። ልጄ ግን ገና ኤርፖርት ላይ አንገቴን አቅፋ፣ ከወደድከው ትቀራለህ አለችኝ። ከወደድኩትና ከወደዱኝ፣ አልኩ በልቤ።

ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ሬይኖልድስበርግ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ምድር ቤቱ ነው። እኔ የገባሁት በኅዳር ነበር፤ ብዙም ሳልቆይ አንድ ጠዋት መስኮቱን ብገልጥ ዓለም ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። መኪኖቹ የሉም፤ በቦታቸው የተጋገረ ዳቦ የሚመስል ጉብታ ተደርድሯል። ጋቢዬን እንደለበስኩ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲመጣ ያወራል፣ ይሄ ግን ኮቴ የለውም። በእጄ ዘግኜ ቀመስኩት። ከዚያ ሮጬ ገብቼ ጎድጓዳ ሳህን አምጥቼ ሞላሁና ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት። እንደ ሀገራችን በረዶ አንድ ጊዜ ወርዶ የሚቀር መስሎኝ፣ ሳይቀልጥ ላቆየው ብዬ ነው።

ልጄ ከሥራ ገብታ ሳህኑን ስታይ ወንበር ይዛ ሳቀች። የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ውላ ቤቷም ሽማግሌ ይጠብቃታል። "አባዬ፣ እስከ መጋቢት ድረስ ትጠግበዋለህ፤ ደፋው" አለችኝ። ባሏ ግን አልሳቀም። የያዘውን ዓሣ ፍሪዘር ውስጥ ሊያስገባ ሲል ሳህኔን አየና፣ ዓሣውን መልሶ ይዞ ቆመ፤ ሳህኔን ሳይነካ ሌላ ቦታ ፈልጎ፣ አጣጥፎ፣ በግድ ሸጎጠው።

አማቼ እንዲህ ነው። ጨዋነቱን ማንም አይክደውም። የምኖረው ግን ከሰው ጋር ሳይሆን ከጨዋነት ጋር መሰለኝ። ሳሎን ስገባ ብድግ ይላል፤ ተቀመጥ እስክለው ቆሞ ይቀራል። እኔ ሳልጎርስ አይጎርስም። ቴሌቪዥን ላይ የቅርጫት ኳስ እያየ ከደረስኩ ቶሎ ብሎ ጣቢያውን ለእኔ ይቀይርልኛል። የምወደው የአየሩን ሁኔታ የሚያወራውን ጣቢያ ነበር፤ ንግግሩ ባይገባኝም ካርታው ላይ ቀይና ሰማያዊው ሲሯሯጥ ደስ ይለኛል። እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ደመናውን አብሮኝ ያያል። ያደገበት ቤት አባት ፊት እግር አይዘረጋም፤ ይህን አውቃለሁ፤ እኔም እንዲያው ነው ያደግኩት። ግን ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን ማየት ደስ አይልም። ለዚያውም እንግዳ ያደረግኩት እኔ።

የፈራሁትን ያየሁት በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። እዚያ አገር በክረምት ፀሐይ ቶሎ ትገባለች፤ ከሥራ መልስ ሰዓት ጨልሞ ነበር። በመስኮት ሳይ የአማቼ መኪና ቆማለች፤ ሞተሩ ይሠራል፣ መስታወቷን በረዶ ሸፍኗታል። ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ውሎ ደክሞታል፣ ልጥረግለትና ደስ ይበለው ብዬ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። የፊቱን መስታወት አንዴ ጠረግ ሳደርገው፣ እሱ ውስጥ ተቀምጧል። ሳንድዊች በእጁ፣ ጉንጩ ሙሉ፣ ሬዲዮኑ የኳስ ጨዋታ ይጮኻል፤ እሱም ብቻውን ይስቃል። ሲስቅ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ሳቁ እፍ እንዳሉት ሻማ ጠፋ። ሳንድዊቹን ወንበሩ ሥር ከተተ። እኔም እንዳላየ ሰው የኋላውን መስታወት ጠርጌ ገባሁ። ያን ማታ አጠገቤ ቀርቦ፣ አክብሮኝ፣ ሁለተኛ እራቱን በላ።

ለልጄ አልነገርኳትም። እሷ ግን በየሳምንቱ፣ አባዬ ለአየር መንገዱ ኮል ላድርግና ትኬቱን ላራዝመው ወይ ትለኛለች። ከገና በኋላ እነግርሻለሁ አልኳት። በልቤ ግን መሄዴን ወስኜአለሁ። ሰው እራቱን መኪና ውስጥ እስኪበላ ድረስ ቤቱን ወስጄበት እንዴት እቀራለሁ?

ይሄም ሆኖ ደስታዬ አልጠፋም፤ እውነቱን ልናገር። የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ አማቼ በመኪና አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ወስዶ መብራት አሳየን። ቤቱ ሁሉ ከጣሪያ እስከ አጥር በመብራት ተለብጧል፤ አንዱ ደጃፍ ላይ አጋዘን ራሱን ይነቀንቃል። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ፣ የልጅ ልጄ ደግሞ እኔን እያየች ትስቃለች። የበዓሉ ዕለት እንኳን አደረሳችሁ ልል ተሸፋፍኜ ብወጣ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳ የለም። እንዲህ ያለ መብራት አብርተው በዓሉን ቤት ዘግተው ይውላሉ። ልጄ፣ አይዞህ፣ የእኛው ገና ይመጣል አለችኝ። አንድ ክረምት፣ ሁለት ገና። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

በሁለቱ ገናዎች መሃል ነው እንጨቱን ያገኘሁት። ያን ሰሞን የሚዘንበው ዝናብ እንደወረደ ይረጋ ነበር። ጠዋት ስንነሳ እያንዳንዱ ጭራሮ መስታወት ለብሷል፤ መኪና ማቆሚያው ጥግ ያለችው ዛፍ ክብደቱን አልቻለችም፣ ተገንጥላ ወድቃለች። ሠራተኞች መጥተው በማሽን ሊፈጩዋት ሲሉ ከቅርንጫፎቿ መካከል አንዱን አየሁት። ጫፉ ተቆልምሟል፤ እጄ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። የገና ዱላ ነው። ሌላ ነገር አይደለም። በምልክት ለምኜ ያዝኩት፤ ሌላም ጎበጥ ያለ እንጨት ጨምረው ሰጡኝ።

በልጄ የወጥ ቤት ቢላዋ ስጠርብ ሰነበትኩ። ከግንዷ ቁራጭ ደግሞ ጥንጓን አወጣሁ፤ ጥንግ የምንላት በዱላ የምንመታት ድብልቡሏ እንጨት ናት። ስጨርስ ለልጅ ልጄ ባሳያት ተያይዘን ወጣንና በረዶው ላይ ወረወርናት። ወዲያው ጠፋች። ነጭ እንጨት በነጭ በረዶ ላይ! በእጃችን እየዳበስን ብዙ ፈለግን። ልጅቷ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብላኝ ገባች፤ የእናቷን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ ተመለሰች። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ማንም ያላሰበውን የስምንት ዓመት ልጅ አሰበችው። ጥንጋችን ጥፍሯን ተቀብታ እንደ ሙሽራ ደረቀች።

ልጄና ባሏ የሚሄዱበት የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ወሬው ሲደርስ፣ ወንዶቹ ሁሉ ልጅ ሆኑ። ገና በሥራ ቀን ስለዋለ ጨዋታው ለቅዳሜው ሆነ። አንድ ታክሲ ነጂ ብቻ አጥብቆ ተቃወመኝ፤ ጋሼ፣ ቢሰበሩ ኢንሹራንስ የለዎትም አለኝ። በረዶ ላይ መውደቅ ፍራሽ ላይ መውደቅ ነው አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን አጠገብ ያለው ፓርክ ተሰበሰብን። በረዶው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። አራት ዱላ ጠርቤ ነበር፤ የቀረው ሰው ያገኘውን ይዞ መጥቷል፤ መጥረጊያ የያዘ አለ፣ እጀታዋ የተቆለመመ ጃንጥላ የያዘ አለ። ሴቶቹ መኪኖቹ አጠገብ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይስቁብናል። እኔ የልጄን ሐምራዊ ካፖርት ደርቤአለሁ። በቡድን ስንከፈል አማቼን ከወዲያ ወገን አድርጉልኝ አልኩ።

ተጀመረ። ሩጫው እንደ ድሮው ባይሆንም ዓይኔ አልፈዘዘም፤ ቀይዋ ጥንግ በረዶውን እየቀደደች ስትመጣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። ነገር ግን ጥንጓ ወደ እኔ በመጣች ቁጥር አማቼ ወደ ጎን ገለል ይላል። "ይለፉ፣ ጋሼ" ይለኛል። አንዴ። ደግሞ ሌላ ጊዜ። በር ላይ የሚያሳልፈኝ ነው የሚመስለው። ጨዋታውን አስቁሜ ጠራሁት።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል ሰምተህ አታውቅም?"

"ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ዛሬ አማት የለህም። ወይ ግፋኝ፣ ወይ ስደበኝ።"

"እሺ፣ ጋሼ" አለኝና መልሶ ገለል አለ።

የገና ቀን በእኛ አገር ጭሰኛው ባለ መሬቱን፣ አሽከሩ ጌታውን የሚሰድብበት ቀን ነው። የወረዳችን ገዥ አቧራ ላይ ተንከባለው፣ ተሰድበው፣ ስቀው ሲነሱ በልጅነቴ አይቻለሁ። ማግስቱን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሆድ ውስጥ የከረመው ግን ወጥቷል። እኔም ከዚህ ሌላ በር አላየሁም። ዱላዬን ሽቅብ አንሥቼ ሰው ሁሉ እየሰማ ገጠምኩበት፦

"አማቼን አያችሁ ሩጫ ሲጨንቀው፣
መኪና ውስጥ በልቶ ጉርሻው ቢያንቀው።"

ሌላው ሰው ሳቀ። አማቼ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ። ልጄ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ መኪና የሚለውን ስትሰማ ቀና ብላ ባሏን አየችው። አጠፋሁ ይሆን ስል ብርዱ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ዱላውን ተደግፎ ወደ መሬት አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ከንፈሩ ዳር ያቺ መኪና ውስጥ ያየኋት ሳቅ ብቅ አለች።

"ልመልስ፣ ጋሼ?"

"መልስ እንጂ።"

"ሳሎናችን አዋሽ፣ መኝታችን አሰብ፣
አማት ማሞቂያውን ሲከፍቱ ያለ ሐሳብ።"

እየሰደበኝም አንቱታውን አልተወም። ሜዳው በሳቅ ተነቃነቀ፤ ልጄ ፔርሙዙን አስቀምጣ መኪናው ላይ ተደገፈች። እኔ ለካ በየጠዋቱ ያቺን የማሞቂያውን የግድግዳ ቁልፍ ወደ ላይ ሳዞራት፣ ደብረ ብርሃን ተወለድኩ ባዩ ሰውዬ፣ ቤቱን ሁሉ በረሃ አድርጌዋለሁ። አማቼ ሁለት ወር ሙሉ በላብ ሲጠመቅ ትንፍሽ አላለም።

ሳቄን ሳልጨርስ ጥንጓ መጣች። አሁን ገለል አላለም። በትከሻው ገፋኝ፣ በእግሮቼ መሃል አሾለካትና እኔ በቂጤ በረዶው ላይ ዘፍ አልኩ። ታክሲ ነጂው ኢንሹራንሱን አስቦ መሰለኝ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ልጄ መሮጥ ጀመረች። አማቼ ሊያነሳኝ ደንግጦ እጁን ዘረጋ።

"እጄን ምን ታደርገዋለህ? ጥንጓን ተከተላት እንጂ" አልኩት።

ሮጠ። አገባት። ዱላውን ወርውሮ እንደ ጎረምሳ ሲጨፍር፣ እኔ ተሸናፊው በረዶው ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩለት።

ቤት ስንገባ ሹራቡን አውልቆ በካናቴራ ቀረ፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወደ ግድግዳዋ ቁልፍ ሄደና ዘወር ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ልቀንሰው?"

"ቀንሰው" አልኩት። እኔም ጋቢዬን ደረብኩ።

ወጥ ቤት ገብቶ ሳንድዊች ሠርቶ መጣ፤ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠኝና እኔ ሳልጎርስ ጎረሰ። አጠገቤ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ወደ ቅርጫት ኳስ አዞረው፤ አላስፈቀደኝም። የትኛው ቡድን ለምን እንደሚሸነፍ አፉ ሙሉ እንደሆነ ያስረዳኝ ጀመር፤ ካርታ ስለሌለው ብዙም አልገባኝም። ቀስ በቀስ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ ሳያስበው ጠረጴዛው ላይ ሰቀለው፤ በካልሲው፣ በእኔ ትይዩ። በሀገሩ ቢሆን ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጥፋት ነው። እኔ ግን በዚያ ክረምት ካየሁት መብራት ሁሉ ያን ያህል ደስ ያለኝ የለም።

ልጄ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ብላ የባሏን እግር አየች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ልትቆጣው ስትል እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘኋት።

"ያን ትኬት" አልኳት፣ "ሰኞ ኮል አድርጊላቸው። አራዝሚው።"

ከዚያ እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ከእግሩ አጠገብ ሰቀልኩት።